ዳጋ እስጢፋኖስ፦ ነገሥታት ከመነኮሳት ጋር ያረፉበት ደሴት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ እኛ ጎንደሬዎች ዐፄ ፋሲለደስን የምናውቃቸው በግንባቸውና በየዓመቱ ለጥምቀት ታቦታት በሚወርዱበት ባሕራቸው ነው። በ1628 ዓ.ም. ከተማችንን የቆረቆሩት ንጉሥ ግን ዐፅማቸው ያረፈው በጣና ሐይቅ መካከል፥ በዳጋ ደሴት በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነው።

ገዳሙን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ ኂሩተ አምላክ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር ነበሩ። መምህራቸው በወሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርትን ሲያፈሩ ቆይተዋልና፥ እርሳቸውም ከዚያ ሐይቅ ወደዚህኛው ሐይቅ ሲሻገሩ የቀዳሜ ሰማዕቱን ስም ይዘው መጡ። ሥጋቸውን በውኃ ከበው ከዓለም መለየት የለመዱ አባቶች ናቸው።

ጥቅምት 17 ቀን ሢመቱን፥ ጥር 1 ቀን ዕረፍቱን የምናከብርለት ቅዱስ እስጢፋኖስ በመጀመሪያ የተሾመው ለምን እንደነበር የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ይነግረናል፤ በዕለት ዕለቱ ምግብ ተዘንግተው ለነበሩ መበለቶች ማእድ እንዲያገለግል ነበር። ዐፄ ይኩኖ አምላክ፥ ዐፄ ዳዊት፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ ዐፄ ዘድንግልና ዐፄ ፋሲለደስ ያረፉት በዚህ ማእድ አገልጋይ ስም በተጠራ ቤት ነው። እኔን ከዘውዱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ዐፄ ፋሲለደስን በተለይ እናስብ። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን እምነት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲከተል በዐዋጅ ስላስገደዱ በአገሩ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ልጅየውም ኢየሱሳውያን የተባሉትን የሮማ ካቶሊክ ሚስዮናውያን ከአገር አስወጥተው፥ እስከ 1660 ዓ.ም. ነግሠው አረፉ።

ከዓመታት በፊት በጀልባ ተሻግሬ ገዳሙን ተሳልሜአለሁ፤ እኅቶች ወደ ደሴቱ ስለማይገቡ አብረውን የመጡት ከውኃው ዳር ሆነው ጸለዩ። ደን የለበሰውን አቀበት ወጥተን ዕቃ ቤቱ ስንደርስ፥ አንድ አረጋዊ አባት የንጉሡ ዐፅም ያረፈበትን ባለ መስታወት ሣጥን አሳዩን። አጎንብሼ ሳይ ትንፋሼ መስታወቱን አደበዘዘው። ደንግጬ ወደ ኋላ ስል አባ በጋቢያቸው ጫፍ ቀስ ብለው ጠረጉትና፥ “ግድ የለም ልጄ፥ የሁላችንም ትንፋሽ ይደርቃል” አሉኝ፤ ከዚያም ደወል ስለተደወለ ቁልፉን በወገባቸው ሸጉጠው ለጸሎት ወረዱ።