የሞርሞን ቤተ መቅደስ እንዴት ይሠራል? ስለ ግንባታው የሚወሩ ስሕተቶችና እውነታው

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በ495 መንገድ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የነዳ ሐበሻ ያውቀዋል፤ ከዛፎቹ በላይ ድንገት ብቅ የሚለው፣ ስድስት ሾጣጣ ጫፎች ያሉት ነጭ ሕንፃ። የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተክርስቲያን፣ በተለምዶ የሞርሞኖች፣ ቤተ መቅደስ ነው። እንዲህ ያለው ሕንፃ እንዴት እንደሚታቀድና እንደሚሠራ የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡበት ቤተክርስቲያን ነው»

አይደለም። የእሑዱ አምልኮ በየሰፈሩ ባሉ ተራ የመሰብሰቢያ ቤቶች ነው፤ ቤተ መቅደሱ እሑድ ዝግ ነው። ንድፉም ከዚህ ይነሣል። አንድ ትልቅ አዳራሽ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ በብዙ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፦ የትምህርት ክፍሎች፣ ጋብቻ የሚፈጸምባቸው ክፍሎች፣ ነጭ ልብስ የሚለበስባቸው መቀየሪያዎች፣ በዝምታ የሚቀመጡበት ያማረ ክፍል፣ የጥምቀት ገንዳ። ገንዳው በ12 የበሬ ሐውልቶች ጀርባ ላይ ያርፋል፤ 1ኛ ነገሥት 7፥25ን ያነበበ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም። ሕያዋን በሙታን ፈንታ የሚጠመቁበት ይህ ገንዳ የመቃብር ምሳሌ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በታችኛው ወለል ይደረጋል። ለመሐንዲሱም ይመቸዋል፤ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ነውና ፎቅ ላይ ባይሰቀል ይመረጣል።

«ይሠራል በተባለ ማግስት ቁፋሮ ይጀመራል»

ትልቁ ስሕተት ይኼ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነገረው የከተማው ስም ብቻ ነው። ከዚያ ቦታ ይፈለጋል፣ አፈሩ ይመረመራል፣ ንድፍ ይወጣል፣ የግንባታ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ተቋራጭ ይመረጣል። ለአዲስ አበባ ቅርቡ የሆነውን የናይሮቢን ቤተ መቅደስ እንይ። በሚያዝያ 2017 ይሠራል ተባለ፤ የመጀመሪያው አፈር በአካፋ የተነሣው በመስከረም 2021፤ የተመረቀው በግንቦት 18 ቀን 2025። ከስምንት ዓመቱ ከግማሽ የሚበልጠው ያለቀው አንድም ግድግዳ ሳይቆም ነው። (በእኛ አገር የመሠረት ድንጋይ ተቀምጦ ሣር ይበቅልበታል፤ እዚህ ግን አፈሩ ከተነሣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ሊጀመር ደርሷል ማለት ነው።)

በአሜሪካ ሞንታና፣ ሄለና ላይ የተሠራው ትንሽ ቤተ መቅደስ ግን በሚያዝያ 2021 ተነግሮ በሰኔ 2023 ተመርቋል። ምስጢሩ አሠራሩ ነው። ሕንፃው በ25 ክፍልፋይ ተከፍሎ አላባማ ውስጥ ፋብሪካ ውስጥ ተሠራ፤ በከባድ መኪና ተጭኖ መጥቶ መሠረቱ ላይ ተገጣጠመ። መሠረቱና ክፍልፋዮቹ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ጊዜ ይተርፋል። ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ነው፤ መሠረቱ ውኃ ልኩን ከሳተ ስሕተቱ ከአንዱ ክፍልፋይ ወደ ሌላው እየተጠራቀመ ይሄዳል። መጠኑንም የሚወስነው አርክቴክቱ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ የሚያሳልፈው ስፋትም ነው።

የቤተክርስቲያኑ ፕሬዚዳንት የነበሩት ራስል ኔልሰን ከ2018 እስከ ሚያዝያ 2025 ድረስ 200 ቤተ መቅደሶች እንደሚሠሩ አስታውቀው ነበር። ተከታያቸው ዳሊን ኦክስ በጥቅምት 2025ቱ ጉባኤ አዲስ ያልጨመሩት ገና ያላለቁት ብዙ ስለሆኑ ነው።

«ቁመቱን ሃይማኖቱ ስለወሰነው ማዘጋጃ ቤት አይነካውም»

ይነካዋል እንጂ። ቴክሳስ ፌርቪው ከተማ ላይ የጫፉ ቁመት 53 ሜትር ያህል እንዲሆን ተጠይቆ ምክር ቤቱ በ2024 ውድቅ አደረገው። ተደራድረው በሚያዝያ 2025 የጸደቀው 37 ሜትር ገደማ ነው። የቦስተኑ ደግሞ ክርክሩ ፍርድ ቤት ስለነበረ በጥቅምት 2000 ያለ ጫፍ ተመረቀ። ጫፉ የተተከለው በ2001፣ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከፈቀደ በኋላ ነው።

«አናቱ ላይ ያለው መልአክ ጥፍጥፍ ወርቅ ነው»

በዩታ ግዛት፣ በሶልት ሌክ ሲቲው ቤተ መቅደስ ላይ በ1892 የቆመው የመልአኩ የሞሮኒ ሐውልት በመዶሻ የተቀረጸ መዳብ ነው፤ ወርቁ ከላይ የተለበጠ ስስ ቅጠል ነው። በአዳዲሶቹ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ መልአኩ ጭራሹኑ የለም።

«ወፍራም ድንጋይ የመሬት መንቀጥቀጥን ይችላል»

ያው የሶልት ሌክ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ከሥሩ 2.7 ሜትር ያህል ይወፍራል። ሥራው ከ1853 እስከ 1893፣ 40 ዓመት ፈጅቷል። በ1858 የፌዴራል ጦር ሲመጣ የእርሻ መሬት እንዲመስል መሠረቱን በአፈር ቀበሩት፤ በኋላ ሲያወጡት ድንጋዩ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ የተበላሸውን አፍርሰው እንደገና ሠሩ። ግን ብረት ያላሰረው ግንብ፣ በከበደ ቁጥር መሬቱ ሲናወጥ የሚመታው ኃይልም ያን ያህል ይጨምራል። በመጋቢት 2020፣ በሬክተር 5.7 በተለካው መንቀጥቀጥ የመልአኩ መለከት ከእጁ ወደቀ። ያኔ እድሳቱ ተጀምሮ ነበር፦ ከአሮጌው መሠረት ሥር ቱቦ እየተሰረሰረ ገብቶ በኮንክሪት ይሞላል፤ ሕንፃውም በ98 ተሸካሚዎች ላይ ያርፋል። መሬቱ ሲወዛወዝ እንቅስቃሴውን እነሱ ይቀበሉታል።

«ምእመናኑ በጉልበታቸው ይሠሩታል»

ድሮ፣ አዎ። ዛሬ ተቋራጭ ይቀጠራል፤ ወጪው ከአሥራት ይሸፈናል።

«አባል ያልሆነ ውስጡን አያይም»

ከምረቃ በኋላ አያይም። ከዚያ በፊት ግን ለሳምንታት ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። ከመንገዱ የሚታየው የዋሽንግተኑ እድሳቱን ጨርሶ በ2022 ጸደይ እንዲሁ ተከፍቶ ነበር፤ በነሐሴ 14 እንደገና ሲመረቅ ተዘጋ። ጎብኚ ምንጣፉን እንዳያቆሽሽ ጫማው ላይ ሽፋን ያጠልቃል። ምረቃው እንደ እኛ ቅዳሴ ቤት ነው፤ የማዕዘን ድንጋዩም ዛሬ የሚዘጋው በዚያን ቀን ነው። ሕንፃውን አይሸከምም፤ መሪዎቹ ዙሪያውን በማንኪያ ጥቂት ሞርታር ይቀቡታል፤ የቀረውን በኋላ ግንበኛ መጥቶ ይጨርሰዋል።