ገበሬ የሕዝብ ተወካይ ሲሆን፦ ወሎ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ምርጫ በመጣ ቁጥር ከደላንታ እስከ ቃሉ፣ ከራያ ቆቦ እስከ ወረኢሉ ሁለት ዓይነት ወሬ ይዞራል። አንዱ «እገሌ ጎበዝ አራሽ ነው፣ ነገር አዋቂ ነው፤ ግን ፓርላማ ገብቶ ምን ሊሠራ?» ይላል። ሌላው «እሱን ከላክነው መንገዳችን ይሠራል» ይላል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ሁለቱም ያስከፍላሉ። በመጀመሪያው ምክንያት ለወንበሩ የሚመጥን ሰው ቤቱ ይቀራል። በሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ተመራጩ በማይችለው ነገር እየተወቀሰ፣ የሚችለውን ሳይጠየቅ አምስት ዓመቱ ያልቃል። እዚህ ላይ የምንነጋገረው ስለ ፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

«ያልተማረ ሰው ፓርላማ አይገባም»

ሕገ መንግሥቱም ሆነ የምርጫ ሕጉ ከዕጩ ዲግሪ አይጠይቁም። የምርጫ አዋጁ (ቁጥር 1162/2011) ከሚጠይቃቸው ዋና ዋናዎቹ ኢትዮጵያዊነት፣ 21 ዓመት መሙላት፣ የሚወዳደርበትን አካባቢ የሥራ ቋንቋ ማወቅ፣ እንዲሁም በምርጫ ክልሉ መወለድ ወይም በሕጉ ለተወሰነው ጊዜ መኖር ናቸው። «ሕጉ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው» የሚለውም እውነት አይደለም። የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በሁለቱም ቋንቋዎች ቢታተምም፣ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ልዩነት ከመጣ የሚጸናው አማርኛው ነው።

እውነተኛው ፈተና ንባቡ ነው። ረቂቅ አዋጅ ሐተታ ዘምክንያት ከሚባለው ማብራሪያ ጋር ለአባላት ይታደላል፤ አንዳንዱ ብዙ ገጽ ነው። አዲስ ተመራጭ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እንደ ደብዳቤ ከላይ ወደ ታች ሲያነበው ነው፤ ዋናው ነገር ላይ ሳይደርስ ይደክመዋል። ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ «ትርጓሜ» የሚለውን አንቀጽ ይከፍታል፤ ሕጉ ማንን «አርሶ አደር»፣ ምንን «ዘር» ብሎ እንደሚጠራ የሚታወቀው እዚያ ነው። ቀጥሎ «የተፈጻሚነት ወሰን»ን ያያል። ከዚያ ቅጣቱን፣ በመጨረሻም ደንብና መመሪያ የማውጣት ሥልጣን ለማን እንደተሰጠና የትኞቹ ሕጎች እንደተሻሩ ያነባል። እነዚህን አምስት ቦታዎች አስቀድሞ ያየ ሰው የቀረውን ሲያነብ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

ቆቦ ላይ ማሽላ የሚያመርት ገበሬ ዘሩን የሚመርጠው ሳያጭድ፣ ገና በቆመ አዝመራ ላይ ነው። ደህና ያፈራውን ራስ ቆርጦ ነቀዝ እንዳይነካው ጭስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ይሰቅለዋል። ዘር ያነሰው ጎረቤት ሲመጣ በቁና ሰፍሮ ይለዋወጠዋል። አሁን አንድ የዘር ሕግ «ዘር የሚሸጠው የብቃት ማረጋገጫ ያለው ብቻ ነው» ቢልና እዚያው ቢያቆም፣ ይህ ጎረቤትነት ጥፋት ይሆናል። በ2005 የወጣው የዘር አዋጅ (ቁጥር 782/2005) ገበሬ ከራሱ ምርት ያስቀረውን ዘር መጠቀሙን፣ አነስተኛ ገበሬዎች እርስ በርስ የሚለዋወጡትንና የሚሸጡትንም ከአዋጁ ወሰን ውጭ አድርጎት ነበር። ይህ በወሰን አንቀጽ ውስጥ የምትገባ አጭር ሐረግ ናት። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ሊያልፋት ይችላል፤ ዘሩን ጭስ ላይ የሰቀለ ሰው ግን አያልፋትም።

«ከተመረጠ እርሻውን ተወ ማለት ነው»

ከእርሻው የግድ አይፋታም፤ ግን ካላሰበበት እርሻው ይበላሻል። ሕገ መንግሥቱ (አንቀጽ 58) የምክር ቤቱ ዓመታዊ ሥራ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 እንዲሆን፣ በመካከሉም የ1 ወር እረፍት እንዲኖር ይደነግጋል። እንግዲህ ይህን ከወሎ የእርሻ ወራት ጋር አስተያዩት።

መኸር ብቻ የሚያርስ ሰው፣ ለምሳሌ የጃማ ስንዴ አምራች፣ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል። ክረምቱ፣ አረሙም ጭምር፣ እረፍት ላይ ይውልለታል። የሚያመልጠው የኅዳርና የታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። የበልግ ገበሬ ግን ሌላ ነው። ደሴ ዙሪያ፣ ኩታበር፣ ለጋምቦ፣ ደላንታ ደጋው ላይ የበልግ ገብስ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ይዘራል፤ የሚታጨደው ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ ደግሞ የፌዴራሉ በጀት የሚጸድቅበት ወር ነው፤ አባል ከዚያ መቅረት የለበትም። በመካከል ያለው የ1 ወር እረፍት አብዛኛውን ጊዜ የካቲት ላይ ይውላል። ለዘር የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን ተመራጮች ወደ ሕዝቡ ወርደው የሚወያዩትም በዚያው እረፍት ነው። ዝናቡ ወደ መጋቢት ከተገፋ ደግሞ መሬቱ ሲርስ እሱ አራት ኪሎ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መደበኛው ስብሰባ ለረጅም ጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ሲሆን ኖሯል። ሰኞ ሲያርስ ውሎ ማክሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ መገኘት አይሆንም።

ወንፈልም አያድነውም። ወንፈል ብድር ነው፤ ያልሄደበት ሰው አይመጣለትም። ጅጌ ቢጠራ ሰው ሊወጣለት ይችላል፤ ድግሱ ግን የቤቱን እህል ይጨርሳል፤ ደግሞም በየዓመቱ መጥራት ያሳፍራል። ስለዚህ አብዛኛው መሬቱን የእኩል ይሰጣል። እዚህ ላይ ነው ቤት የሚፈርሰው፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ውሉን በቃል ያደርጉታል። ወረቀት ላይ መስፈር ያለባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ የመሬቱ አዋሳኝ፣ ስንት ዓመት፣ ዘሩን ማን ያወጣል፣ ማዳበሪያው ከመካፈሉ በፊት ይነሣል ወይስ በኋላ፣ የመሬት ግብሩን ማን ይከፍላል፣ ገለባውስ የማን ነው? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ መኖ በጠፋበት ዓመት ግን ከእህሉ ይልቅ የሚያጣላው ገለባው ነው። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ስላለ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ከዚያ ውሉ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል።

«ተመራጭ ከሆነ መሬቱ ይወሰድበታል» የሚለው ስጋት የሚመነጨው ከዚሁ ነው። የክልሉ የመሬት ሕግ የሚከብደው ሳያከራይና ሳያሳርስ መሬቱን ጦም አሳድሮ በጠፋ ባለይዞታ ላይ ነው። የተመዘገበ ውል ያለው፣ ቤተሰቡም እዚያው የሚኖር ሰው በዚህ አይገባም። በሌላ በኩል «ሲመረጥ ሸጦ ይሄዳል» የሚባለው ከመነሻውም አይቻልም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም።

«ገበሬ ፓርላማ የገባው በደርግ ነው»

ነገሩ እንዲህ አጭር አይደለም። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ነበሩ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ ከዚያ በኋላ ተደረገ። ነገር ግን ዕጩው በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። መሬት ያለው ገበሬ በወረቀት ላይ መወዳደር ይችል ነበር፤ የሰው መሬት እያረሰ ሲሶና እኩል የሚከፍለው ጭሰኛ ግን በሩ ላይ ቀረ። መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ያን የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት አፈረሰው፤ የገበሬ ማኅበራትም ቆሙ። በ1979 የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ 835 መቀመጫ ነበረው፤ ዕጩ ማቅረቡ ግን ከአንድ ፓርቲ ቁጥጥር አልወጣም። የዛሬው ምክር ቤት የቆመው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው።

«ሥራው እጅ ማውጣት ነው»

በቴሌቪዥን የሚታየው እጅ ማውጣቱ ነው፤ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። የአብላጫ ፓርቲ የውስጥ ዲሲፕሊን ድምፅን እንደሚያስርም መካድ አያስፈልግም፤ ምንም እንኳ አንቀጽ 54 ተመራጩ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ እንደሚገዛ ቢደነግግም። ሕግ የሚለወጠው ግን ድምፅ በሚሰጥበት ቀን አይደለም።

ረቂቁ በመጀመሪያው ንባብ ቀርቦ ጠቅላላ ውይይት ይደረግበታል፤ ከዚያ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ረቂቁን ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት ጠርቶ ማብራሪያ ይጠይቀዋል፣ የሕዝብ መድረክ ይከፍታል፣ በመጨረሻም ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ለሁለተኛው ንባብ ይመለሳል። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ጊዜ ነው ሥራው። እዚያ ዝም ያለ ሰው በሁለተኛው ንባብ ቢናገር ንግግሩ ቃለ ጉባኤ ላይ ይቀራል፤ አንቀጹ ግን አይነካም።

ወሎ ላይ አበጋር፣ ማለትም የተጣላ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ሆኖ የሰው ነገር ሲያይ የኖረ ሰው ለኮሚቴ ትልቅ ስንቅ አለው። የሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይፈርድም፤ «ይህ ሲሆን ማን ምን ያጣል?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው። የሽምግልና ማብቂያው እርቅ ነው፤ የሕግ ማብቂያው ግን የተጻፈ ቃል ነው። «ገበሬው እንዳይጎዳ ይታሰብበት» ብሎ መናገር ምንም አያመጣም፤ ሚኒስቴሩም «ተቀብለነዋል» ብሎ ያልፋል። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ «አንቀጽ 9 ንዑስ 3 ላይ ካሳ ‘ሊከፈል ይችላል’ የሚለው ወጥቶ ‘መከፈል አለበት’ ይባል።» ቁጥሩን፣ የሚወጣውን ቃልና የሚገባውን ቃል በጽሑፍ ይዞ የቀረበ አባል፣ ኮሚቴው ወይ እንዲቀበለው ወይ ምክንያት እንዲሰጥ ያስገድዳል።

መገኘትም ራሱ ሥራ ነው። ከ547ቱ መቀመጫ ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 274 ሰው ሲገኝ ነው። ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ ስለሚያልፍ፣ 274 ብቻ በተገኙበት ቀን 138 ሰው አዋጅ ያጸድቃል። ያ ቁጥር የአማራ ክልል በምክር ቤቱ ካለው መቀመጫ ጋር እኩል ነው።

ሌሎች ባጭሩ

«ተመራጭ አይታሰርም» ይባላል። በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም፤ ይህ እውነት ነው። ለሌላ ወንጀል ግን ምክር ቤቱ ሲፈቅድ ይከሰሳል፤ እጅ ከፍንጅ ከተያዘ ደግሞ ፈቃድም አይጠበቅም። «የግል ተወዳዳሪ አያሸንፍም» የሚለውም ልክ አይደለም፦ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ገብተዋል፤ በሰኔ 2013ቱ ድምፅ አሰጣጥም 4 የግል ተወዳዳሪዎች አሸንፈዋል። «አንዴ ከገባ አምስት ዓመት የሚነካው የለም» ለሚለው ደግሞ፣ መራጩ አመኔታ ካጣበት ከአባልነት እንደሚወገድ አንቀጽ 54 ራሱ ይናገራል።

«የእኛ ሰው ከገባ መንገዱ ይሠራል»

ብዙ ቅያሜ የሚወልደው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ተመራጭ በእጁ የሚመድበው የልማት ገንዘብ የለውም። የፌዴራሉን በጀት የሚያዘጋጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ተወካዮች ምክር ቤት መርምሮ ያጸድቃል። ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ እሱ ሌላ ቤት ነው። ከክልል ወደ ወረዳ የሚወርደውን የሚወስነው የክልሉ ምክር ቤት ነው። እንግዲህ ከኮምቦልቻ ደሴ ወልድያ ያለው ዋናው አስፋልት የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ ከቀበሌ ቀበሌ የሚወስደው ጠጠር መንገድ ግን የክልልና የወረዳ ነው። የመሬት ክርክርም እንደዚሁ፦ ፌዴራሉ ጠቅላላ ሕጉን ያወጣል፣ ክልሉ ያስተዳድራል። ድንበር የተገፋበት ሰው አቤቱታውን አዲስ አበባ ቢልክ ተመልሶ ወረዳው ይመጣል፤ በመካከሉ የይግባኝ ቀኑ ያልፍበታል።

ተመራጩ የሚችለው መጠየቅ ነው፤ ይህ ትንሽ አይደለም። ሚኒስቴሮች የዕቅድ አፈጻጸማቸውን ለቋሚ ኮሚቴ ያቀርባሉ፣ ኮሚቴው መስክ ወርዶ ያያል፣ የዋና ኦዲተር ግኝት ይመረመራል፤ ከአባላቱ 1/3ኛው ከጠየቁ ደግሞ ምክር ቤቱ ማንኛውንም የአስፈጻሚውን ጉዳይ አንሥቶ ይወያያል። ግን ለመጠየቅ በእጁ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ቅሬ (ዕድር) ላይ ወይም ገበያ መካከል ክንዱን ይዞ «ማዳበሪያ አልደረሰንም» ማለት ለእሱ ማስረጃ አይሆንም። ሚኒስቴሩ «ለክልሉ አስረክበናል» ሲል የሚመልሰው ቃል ያጣል።

ጥሩ ማመልከቻ አንድ ጉዳይ ብቻ ይይዛል፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ቀበሌው፣ የተጎዱት አባወራዎች ብዛት፣ ለማዳበሪያ ከሆነ የተጠየቀው ኩንታልና የመጣው ኩንታል፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ የደረሰበት ቀን ይጻፋል። ቀኑ የግድ ነው። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ከዘር ጋር መሬት የሚገባ ነው፤ ጤፉ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ እሱ ነሐሴ ቢመጣ ገበሬው ዕዳውን እንጂ ጥቅሙን አያገኝም። ዩሪያ ግን ሰብሉ ከበቀለ በኋላ ጭምር ስለሚጨመር ትንሽ ቢዘገይም ይደርሳል። የትኛው እንደዘገየ ያልለየ አቤቱታ «ማዳበሪያ በቂ ነበር» በሚል መልስ ይዘጋል። ቀጥሎ ወረዳውና ዞኑ ምን ብለው እንደመለሱ፣ የደብዳቤያቸው ቁጥርና ቀን ይጠቀሳል፤ ቅጂው ይያያዛል። መጨረሻው ላይ የሚፈለገው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ ላይ ተመራጩ ተቀብሎ ይፈርምበታል። ያ የተፈረመው ቅጂ ቀበሌው ዘንድ ይቀመጥ፤ ተመራጩ በክረምቱ እረፍት ለውይይት ሲመጣ «ይህን ለየትኛው ኮሚቴ አቀረብከው? ምን ተባልክ?» ተብሎ የሚጠየቀው በእሱ ነው።