ቶከን ምንድን ነው? አንዱ ይቆጠራል፣ ሌላው ይደበቃል

ቶከን የሚለው ቃል ሰሞኑን ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። ቻትጂፒቲን የመሰሉ አገልግሎቶችን ለሥራ የሚጠቀሙ ሰዎች «ቶከን በላብኝ» ይላሉ። የቴሌግራም ቦት፣ ማለትም ለሰው በራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ የሚሠሩት ደግሞ «ቶከንህን ለማንም እንዳታሳይ» ይባባላሉ። የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

ከኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እንጀምር። ከቻትጂፒቲ ጀርባ ያለው ፕሮግራም የቋንቋ ሞዴል ይባላል። ይህ ሞዴል የጻፍንለትን እንዳለ አያነብም። ጽሑፉ መጀመሪያ ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ቶከን ነው፤ የራሱ ቁጥርም አለው። ሞዴሉ የሚያየው ቁጥሮቹን ብቻ ነው። ሲመልስም ቀጣዩን ቶከን እየገመተ አንድ በአንድ ይደረድራል። «በዚህ ቃል ውስጥ ስንት ፊደል አለ?» ስትሉት አንዳንዴ የሚሳሳተው ለዚህ ነው። ፊደሉን አያየውማ።

የት እንደሚቆረጥ የሚወስነው ድግግሞሽ ነው። በስልጠናው ጽሑፍ ውስጥ ደጋግመው አብረው የሚመጡ ቁራጮች ተጣምረው አንድ ቶከን ይሆናሉ። እኛን የሚነካን እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ነው። አንድን የእንግሊዝኛ ፊደል በ1 ባይት ያስቀምጣል፤ የኛን «ሰ» ግን በ3 ባይት። ስለዚህ «ሰላም» 9 ባይት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂፒቲ-2 የተባለ የቋንቋ ሞዴል 50,257 ዓይነት ቶከን ነበረው፤ የሠለጠነውም ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሞዴል «ሄሎ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ ቶከን ይይዘዋል። የኛ ባለሦስት ፊደል «ሰላም» ግን ባይት በባይት ተቆራርጦ እስከ 9 ቶከን ሊፈጅ ይችላል።

ብዙ ጊዜ ክፍያው የሚሰላው በቶከን ነው። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ መጠየቅ የበለጠ ያስከፍላል። ሞዴሉ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የጽሑፍ መጠንም በቶከን ስለሚለካ፣ ረጅም የአማርኛ ሰነድ ቶሎ ይሞላዋል። የሚያበሳጨኝ ይሄ ሊስተካከል የሚችል መሆኑ ነው። የቶከን ዝርዝሩ ሲዘጋጅ በቂ የአማርኛ ጽሑፍ ቢገባበት ልዩነቱ በጣም ይጠባል።

በደኅንነት በኩል ቶከን ማለት ማስረጃ ነው። ትልልቅ መሥሪያ ቤት ስትገቡ በር ላይ መታወቂያ አስይዛችሁ ባጅ ትወስዳላችሁ፤ ውስጥ የሚታየው ባጁ ነው። ፌስቡክ ስትከፍቱም ፓስወርድ የምትጠየቁት አንዴ ነው። ከዚያ ሰርቨሩ፣ ማለትም የፌስቡክ ኮምፒውተር፣ ረጅም ሚስጥራዊ ኮድ ይሰጣችኋል፤ ቶከኑ ይሄ ነው። ስልካችሁ በየገጹ እሱን ያሳያል።

ችግሩ፣ ኮዱን የያዘ ሁሉ እናንተን ሆኖ ይገባል። ፓስወርዳችሁን ማወቅ የለበትም። በኤስኤምኤስ የሚላከው ቁጥርም ብዙ ጊዜ አያቆመውም፤ ያ ፍተሻ አልፏል። በመስከረም ወር 2018 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ገጻችን ለሌላ ሰው እንዴት እንደሚታይ በሚያሳየው አገልግሎት ውስጥ ክፍተት ነበር፤ በዚያ በኩል ቶከኖች ተሰረቁ። ኩባንያው መጀመሪያ 50 ሚሊዮን ገደማ አካውንት ተነክቷል አለ፤ በኋላ ቁጥሩን ወደ 30 ሚሊዮን አወረደው። ፓስወርድ ቀይሩ አላለም። ቶከኖቹን ሰረዘና ወደ 90 ሚሊዮን ሰው እንደገና እንዲገባ አደረገ።

ለቦት ሠሪዎች ጉዳዩ ይበልጥ ቅርብ ነው። ቦትፋዘር (ቦት የሚመዘገብበት የቴሌግራም የራሱ ቦት) የሚሰጣችሁ ቶከን ያለ ምንም ፓስወርድ ቦቱን ያዛል። እጁ የገባ ሰው በቦቱ ስም መልእክት ይልካል፤ ተጠቃሚዎች ለቦቱ የሚጽፉትን ያነባል። የቦቱን የፕሮግራም ኮድ ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ከነቶከኑ መለጠፍ የተለመደ ስህተት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ መንገድ ተከፍቷል። የፕሮግራም ኮዱ አልሠራ ሲል ሙሉ ፋይሉን ኮፒ አድርጎ ለኤአይ መስጠት ለምደናል። ቶከኑ ፋይሉ ውስጥ ካለ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ከመላካችሁ በፊት አውጡትና በቦታው «ቶከን» ብላችሁ ብቻ ጻፉ፤ ሞዴሉ ስህተቱን ለማግኘት እውነተኛውን አይፈልግም። ቀድሞ ከሄደ ደግሞ ቦትፋዘር ላይ ሪቮክ የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። አሮጌው ይሰረዛል፣ አዲስ ይሰጣችኋል።