ስለ ዘረመል የተጋላጭነት ነጥብ በስህተት የሚባሉ ነገሮች

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ምራቃቸውን በትንሽ ብልቃጥ ልከው ያስመረምሩና ውጤቱ ሲመጣ ግራ ይጋባሉ። "ለስኳር በሽታ ከፍተኛ ተጋላጭ" ተብሎ እንቅልፍ ያጣ አለ። "ዝቅተኛ" ተብሎ ሐኪም ጋር መሄድ የተወም አለ። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ነው።

"ነጥቤ ከፍ ካለ በሽታው አይቀርልኝም።"

ይቀራል! ፖሊጀኒክ ሪስክ ስኮር የሚባለው ይህ ነጥብ የብዙ ጥቃቅን የዲኤንኤ ልዩነቶች ድምር ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ለልብ ደም ሥር በሽታ የተሠራው አንዱ 6.6 ሚሊዮን ልዩነቶችን ይደምራል። እያንዳንዷ ብቻዋን ኢምንት ናት። ደግሞ "ሁለት እጥፍ" ሲባል ከምን ተነስቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከ100 ሰው 1 ይታመም ከነበረ ሁለት እጥፉ 2 ነው፣ 98ቱ ደህና ናቸው።

"ዝቅተኛ ከሆነ አልታመምም።"

ሲጋራውም ደም ግፊቱም እዚያ ውስጥ አልተቆጠሩም። የጡት ካንሰር ነጥቧ ዝቅ ያለ ሴት ከወላጇ የወረሰችው የተበላሸ ቢአርሲኤ 1 (ሲበላሽ የጡት ካንሰርን አደጋ በጣም ከፍ የሚያደርግ) ዘረመል ሊኖርባት ይችላል፤ እሱ በሌላ፣ በተለየ ምርመራ ነው የሚታየው።

"ሳይንስ ነው፣ ለሁሉም ሰው እኩል ይሠራል።"

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ እኛን የሚነካው ይሄ ነውና። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ለእነዚህ ነጥቦች መነሻ በሆኑት ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 79 በመቶ ያህሉ ዝርያቸው ከአውሮፓ ነው፤ በዚያው ጥናት የነጥቦቹ ትክክለኛነት አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ በአማካይ 4.5 እጥፍ ያህል ወርዶ ተገኝቷል። ለምን? ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በሽታውን የሚያመጣው ልዩነት ራሱ ሳይሆን አጠገቡ ያለ ምልክት ነው። አውሮፓዊ ላይ ሁለቱ አብረው ይወረሳሉ፤ የዘረመል ብዝኃነቱ ሰፊ በሆነው አፍሪካ ግን ምልክቱ ኖሮ ዋናው ላይኖር ይችላል። "አፍሪካዊ" የሚባለው የአሜሪካ መረጃ ራሱ በአብዛኛው የአፍሪካ አሜሪካውያን ነው፣ የእነሱ አፍሪካዊ የዘር ግንድ ደግሞ በዋናነት ምዕራብ አፍሪካ ነው። የሐበሻው ታሪክ ሌላ ነው። ስለዚህ ለእህቴ እንዲህ ያለ ቁጥር ቢመጣላት በእሱ ብቻ ምንም እንድትወስን አልፈቅድላትም።

"በዘር የመጣ ነገር አይመለስም።"

በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ለልብ በሽታ የዘረመል ተጋላጭነታቸው ከፍተኛ ከሆነው መካከል ጥሩ አኗኗር የነበራቸው፣ ማለትም ባለማጨስ፣ ከልክ ባለፈ ባለመወፈር፣ በእንቅስቃሴና በአመጋገብ ከአራቱ ቢያንስ ሦስቱን ያሟሉት፣ መጥፎ አኗኗር ከነበራቸው ይልቅ አደጋቸው በ46 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር።

ውጤቱን ይዛችሁ ሐኪም ጋር ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ደውሉ። አባባ ስኳር የጀመራቸው በስንት ዓመታቸው ነው? አክስታችን በምን ነበር ያረፈችው? ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።