«ኦዲቱ ንጹህ ነው» አትበሉኝ፦ የድርጅት ቦርድ ከመግባታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። መምህር ነው። ሕፃናት ላይ የሚሠራ አንድ አገር በቀል ድርጅት የቦርድ አባል ሁንልን ብሎታል። ምን ምን ልጠይቃቸው ብሎ ሊያማክረኝ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ለካ የምሥራች ሊነግረኝ ኖሯል። «ኦዲታቸው ንጹህ ነው አቦ! ዳይሬክተሩንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሰኞ እፈርማለሁ» አለኝ።

ድሬዳዋ ላይ በሂሳብ ሥራ 23 ዓመት ሆነኝ። በሦስት ድርጅቶች ቦርድ አገልግያለሁ፤ የሌሎችን መዝገብ ደግሞ በኦዲተርነት አገላብጫለሁ። ይህችን «ኦዲቱ ንጹህ ነው» የምትባል ነገር ከስንት ሰው እንደሰማኋት ቆጥሬ አልጨርስም። የሚሉት ደግሞ የተማሩ፣ ቅን የሆኑ፣ ከተማቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ የሚያበሽቀኝም ይኸው ነው። እሷንና መሰሎቿን አንድ በአንድ ላንሣቸው። ትንንሾቹን ቶሎ እጨርሳለሁ።

«የቦርድ አባልነት የክብር ወንበር ነው»

አይደለም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት፣ በቦርድ የሚመራ ድርጅት የበላይ አካሉ ቦርዱ ነው። ከእናንተ በላይ የሚጠየቅ ሰው እዚያ ቤት የለም። ደመወዝ ስለማታገኙ ኃላፊነቱ አይቀልም።

«ምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሕጋዊ ነው»

የምዝገባ ምስክር ወረቀት ድርጅቱ መወለዱን ይናገራል፤ ዛሬ እንዴት እንዳለ አይናገርም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በየዓመቱ የሥራ ክንውንና የሂሳብ ሪፖርት ይጠብቃል። ያለፈው ዓመት ሪፖርት ገቢ የሆነበትን ደብዳቤ አሳዩኝ በሉ። ያለው ቤት በአምስት ደቂቃ ያወጣዋል።

«ለትርፍ ያልተቋቋመ ስለሆነ ገንዘብ ሊተርፈው አይገባም»

አዋጁ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራትን ፈቅዷል፤ የከለከለው ትርፉን ለአባላት ማከፋፈልን ነው። መጠባበቂያ የሌለው ድርጅት የለጋሹ ክፍያ ሁለት ወር ሲዘገይ ምን እንደሚያደርግ ወደ ታች ታያላችሁ።

«የአስተዳደር ወጪያቸው 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ጎበዞች ናቸው»

ሕጉ ጣሪያ አድርጎ ያስቀመጠው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ ነው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ጊዜ ከበጀት ዓመቱ ወጪ 30 በመቶ ነበር። ከጣሪያው በላይ መውጣት ጥፋት ነው፤ በጣም ዝቅ ማለት ግን ሽልማት የሚያሰጥ ነገር አይደለም። 5 በመቶ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሂሳብ ሠራተኛችሁ ማን ነው?» ብዬ ነው። አንዴ የተሰጠኝ መልስ «የፕሮጀክት አስተባባሪዋ ደርባ ትሠራለች» የሚል ነበር። ቼክ የምታዘጋጀውም፣ ዕቃ የምትገዛውም፣ መዝገብ ላይ የምታሰፍረውም እሷው ናት ማለት ነው። ልጅቷ ታማኝ ነበረች፤ ግን ታማኝነቷን ማንም ሊያረጋግጥላት የማይችልበት ቦታ ላይ አስቀመጧት።

«እድር መርቻለሁ፤ ቦርድ ምን ይከብደኛል?»

ይህን የሚሉትን አከብራለሁ። እድር መምራት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሐረር ጀጎል ውስጥ አፎቻን፣ የሐረሪዎችን የመረዳጃ ማኅበር፣ ይዘው የኖሩ ሰዎችም ለሐዘንና ለሰርግ ማኅበረሰቡን እንዴት አድርገው እንዳቆሙት እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። በእድር ገንዘቡን የሚያዋጣውም እርዳታውን የሚያገኘውም ያው ራሱ አባሉ ነው። ገንዘብ ያዡ ቢያጓድል ባለገንዘቡ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ «የኔ ብር የት ደረሰ?» ይለዋል። በእርዳታ ድርጅት ግን ገንዘቡን የሰጠው ሌላ አገር ነው፤ እርዳታውን የሚያገኘው ደግሞ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ቢዮ አዋሌ ወይም ገንደ ቆሬ ነው፣ ስብሰባ አይጠራም፣ ሪፖርቱንም አያየውም። በመካከል ቆሞ የሁለቱንም ጥያቄ የሚጠይቀው ቦርዱ ብቻ ነው። እናንተ ዝም ካላችሁ ሌላ የሚናገር የለም።

«ኦዲቱ ንጹህ ነው»

እዚህ ላይ ታገሡኝ።

ኦዲተር «ነቀፌታ የሌለበት» የሚለውን አስተያየት ሲሰጥ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ አመራሩ ያቀረበው የሂሳብ መግለጫ የድርጅቱን ሁኔታ በጉልህ ጉዳዮች ሁሉ በትክክል ያሳያል። መግለጫውን ያዘጋጀው አመራሩ ነው። ኦዲተሩ የመረመረው በናሙና ነው፤ እያንዳንዷን ደረሰኝ አላየም፣ አያይምም። «ድርጅቱ ጤነኛ ነው» አላለም። «ገንዘቡ ለታለመለት ሕፃን ደረሰ» አላለም። ዕዳ ያለበት ድርጅት ዕዳውን በሐቅ ከመዘገበ ንጹህ አስተያየት ያገኛል። ሰዎች የማይገባቸው እዚህ ላይ ነው፤ ንጹሁ አጻጻፉ ነው፣ ኑሮው አይደለም።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. አንድ ድርጅት ቦርድ ገባሁ። ሙያዬ ሂሳብ ነው፣ ግን እኔም እንደ ወዳጄ የኦዲተሩን አስተያየት የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ፣ ነቀፌታ የሌለበት ይላል ብዬ ዘጋሁት። በሦስተኛው ወር የድርጅቱ ጥበቃ፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሰው፣ ቤቴ ድረስ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። እጁ ላይ የደመወዝ መክፈያ ወረቀቶቹ አሉ፣ በጎማ ታስረዋል፤ ላብ አርሷቸዋል። «ልጄ፣ ጡረታ ቢሮ ሄጄ ነበር። 14 ወር አልገባልህም አሉኝ። እኔ ግን በየወሩ ተቆርጦብኛል፤ ይኸው» አለኝ።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። ደመወዙ 1,800 ብር ነው። ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፣ 126 ብር። አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፣ 198 ብር። በወር 324 ብር መግባት ነበረበት። በ14 ወር 4,536 ብር ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ 1,764 ብሩ ከእርሱ ኪስ የወጣ ነው። «ጋሼ፣ ነገ አጣራለሁ» ብዬ ሸኘሁትና የኦዲት ሪፖርቱን እንደገና ከፈትኩ። ማስታወሻ 9፣ ተከፋይ ሂሳቦች፦ ያልተከፈለ ጡረታ፣ ያልተከፈለ የሥራ ግብር። ሁሉም ተጽፏል። የሃያ ሁለቱ ሠራተኞች ገንዘብ እዚያች መስመር ላይ ተቀምጦ ነበር። ኦዲተሩ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ዳይሬክተሩን ስንጠይቀው አልካደም። የለጋሹ ገንዘብ ዘገየ፣ ሥራው እንዳይቆም የጡረታውን ብር ለነዳጅና ለኪራይ አዋልነው፣ ሲመጣ እንተካለን ብለን ነበር አለ። ሌባ አልነበረም፤ ይህን ዛሬም እመሰክራለሁ። ግን የሰው ገንዘብ ነው። ለመተካት ሁለት ዓመት ፈጀብን፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ለጋሾች የትናንት ዕዳን፣ ቅጣትንና ወለድን እንደ ተገቢ ወጪ አይቀበሉም። የዕዳው ብር ከየት ይምጣ?

ስለዚህ አስተያየቱን ካነበባችሁ በኋላ ገጹን ግለጡ። መጀመሪያ ተከፋይ ሂሳቦች ማስታወሻ ላይ ሂዱ፤ ጡረታና የሥራ ግብር የሚል ካለ የስንት ወር እንደሆነ ጠይቁ። የአንድ ወር ከሆነ የተለመደ ነው፣ የሰኔው በሐምሌ ይከፈላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ችግር አለ። ቀጥሎ ተሰብሳቢ ሂሳቦችን፣ ማለትም ድርጅቱ ከሌሎች ላይ ያለውን ገንዘብ፣ እዩ። በሠራተኞች ስም የተያዘ ቅድመ ክፍያ ሳይወራረድ ዓመት ከተሻገረ፣ በተለይም የዳይሬክተሩ ስም ካለበት፣ በስሙ ጠይቁ።

ከዚያ የባንኩ ሂሳብ። «ባንክ 2 ሚሊዮን ብር አለን» ሲሏችሁ አትደሰቱ፤ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ለውኃ ፕሮጀክት የተላከ ብር ለውኃ ፕሮጀክት ነው። ለኪራይም ለደመወዝም አይነካም፤ ካልዋለ ተመላሽ ሊሆን ይችላል። ብዙ ድርጅት ባንክ ውስጥ ሚሊዮን ይዞ የራሱ የሆነ አሥር ሺህ ብር የለውም። እያንዳንዱ ፕሮጀክት መቼ እንደሚያልቅ በአንድ ወረቀት ጻፉልኝ በሏቸው። የሁሉም ማብቂያ አንድ ዓመት ላይ ከሆነ፣ በዚያ ዓመት ሠራተኛ የምታሰናብቱት እናንተ ናችሁ።

አንድ ሰነድ ደግሞ አለ፣ ሳይጠየቅ የማይወጣ። ኦዲተሩ ከሪፖርቱ ጋር ለአመራሩ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው፤ እኛ ማኔጅመንት ሌተር እንለዋለን። ንጹህ አስተያየት የተሰጠው ድርጅትም ይህ ደብዳቤ ሊጻፍለት ይችላል። ያለ ፕሮፎርማ፣ ዋጋ ሳይወዳደር የተገዛው፣ ሳይቆጠር የኖረው መጋዘን፣ ቀን የሌለው ደረሰኝ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። የሦስት ዓመቱን አስመጡና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ ጥፋት በሦስቱም ላይ ከተደገመ፣ ያለፈው ቦርድ ምን ያህል እንደተከታተለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

«ዳይሬክተሩን አውቀዋለሁ፤ ጥሩ ሰው ነው»

ይሁን። የእኛም ጥሩ ሰው ነበር። ዳይሬክተሩን የሚቆጣጠረው ቦርድ መረጃውን ሁሉ ከዳይሬክተሩ ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ምኑን ይቆጣጠራል? ከሂሳብ ሠራተኛው ጋር ለብቻ ተነጋገሩ። በቅርብ ከለቀቀ የቦርድ አባልም ጋር እንዲሁ፤ ለምን እንደለቀቀ ጠይቁት። ማን ለማን ዘመድ እንደሆነም ጠይቁ፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ የዕቃ አቅራቢው የማን አማች እንደሆነ ሰው ያውቃል። ከዚያ ባጃጅ ይዛችሁ ሥራው አለ ወደተባለበት ሰፈር ሂዱ፣ ሳታስታውቁ።

ቃለ ጉባኤዎቹንም አንብቡ። አንድ ቤት ያለፉትን አራት ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ሰጡኝ። የአራት ሩብ ዓመት ነው የተባለው፣ ወረቀቱ ግን አንድ ዓይነት፣ እስክሪብቶው አንድ ዓይነት፣ አንዱ ፊርማ ላይ የፈሰሰው ቀለም ወደሚቀጥለው ገጽ ዘልቋል። አንድ ቀን ተቀምጠው ነው የፈረሙት። ወደዚያ ቦርድ አልገባሁም።

«ይህን ሁሉ መጠየቅ አለማመን ነው፤ ነውር ነው»

ይሉኝታው ይገባኛል፣ እኔም አድጌበታለሁ። ታላቅ ሰው ጋብዞህ፣ ቡና አስፈልቶልህ፣ የጡረታ ደረሰኝ አምጣ ማለት ይከብዳል። ግን ጥያቄውን ከመፈረማችሁ በፊት ስትጠይቁ እንግዳ ናችሁ፤ እንግዳ ይጠይቃል። ከፈረማችሁ በኋላ ስትጠይቁ ከሳሽ ትመስላላችሁ። ደህና ድርጅት ደግሞ በጥያቄ አይከፋም። ሳቢያን አካባቢ አንዲት ዳይሬክተር ዝርዝሬን ስሰጣት «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» ብላ ፋይሎቹን በሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ቆለለችልኝ። እዚያ ቦርድ ስድስት ዓመት ቆየሁ።

ለወዳጄም ያልኩት ይህንኑ ነው። ሰኞን ወደ ሚቀጥለው ወር አሳልፈው፤ መተዳደሪያ ደንቡን፣ የሦስት ዓመት ኦዲቱን ከነደብዳቤዎቹ፣ ቃለ ጉባኤውን፣ የመጨረሻ ሦስት ወር የጡረታና የሥራ ግብር ደረሰኝ ጠይቅ አልኩት። ትንሽ ተከፋብኝ፤ ከዚያ እሺ አለ።

«ካልተመቸኝ እተወዋለሁ»

በቃል አይተውም። መልቀቂያችሁን በጽሑፍ ስጡ፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ለባለሥልጣኑም መለወጡ ይታወቅ። የቼክ ፈራሚ ከነበራችሁ ደግሞ ድርጅቱ «እናሳውቃለን» ስላላችሁ ብቻ አትሂዱ። ደብዳቤው ባንኩ ጋ ደርሶ፣ የፊርማችሁ ናሙና ተነሥቶ የሌላ ሰው መተካቱን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አረጋግጡ።