ትራስቱዙማብ በሆስፒታል ፋርማሲ፦ አቀማመጥና አዘገጃጀት

ትራስቱዙማብ ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን በዝቶ ለሚገኝበት የጡት ካንሰር የሚሰጥ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ነው፤ ማለትም አንድን ዒላማ ብቻ ለይቶ እንዲይዝ በቤተ ሙከራ የተሠራ ፕሮቲን። መጀመሪያ የወጣው ኸርሴፕቲን በሚል የንግድ ስም ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ከተለመደው ኬሞቴራፒ በተለየ ግዙፍ ፕሮቲን ስለሆነ ቅርጹ አንዴ ከተዛባ፣ እንደ ተቀቀለ እንቁላል፣ ወደነበረበት አይመለስም።

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ይቀመጣል። ፋርማሲ ውስጥ ሁሉም ሙቀትን ይፈራል፤ ብርድን የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው። በፈሳሽነት የሚመጡት ሌሎች አንቲቦዲዎች ሪቱክሲማብና ቤቫሲዙማብ፣ እንዲሁም በዱቄት መጥቶ የተሟሟው ትራስቱዙማብ፣ ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳ ተጠግተው ካደሩ ሊረጉ ይችላሉ። ውሃው በረዶ ሲሠራ ፕሮቲኑ በቀረችው ትንሽ ፈሳሽ ይታጨቃል፣ የበረዶው ገጽም ቅርጹን ያዛባዋል፤ ሲቀልጥ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጓጉላል። ጉጉሉ ደቃቅ ከሆነ በዓይን አይታይም። ክትባት ረግቶ እንደነበር ለማወቅ ክትባት ክፍል የሚሠራበት የመነቅነቅ ፈተናም እዚህ አይሠራም፤ እሱ አልሙኒየም ላለባቸው ክትባቶች የተበጀ ነው፣ አንቲቦዲን ደግሞ መነቅነቁ ራሱ ይጎዳዋል። ስለዚህ የሚታመነው ምስክር የሙቀት መዝገቡ ነው። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከ8 ዲግሪ ካለፈ ብልቃጦቹን በሚሠራ ፍሪጅ ለይቶ «አይሰጥም» የሚል ምልክት መለጠፍ፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሙቀት ከቆይታው ጋር መመዝገብ፣ ከዚያም አምራቹን መጠየቅ ያስፈልጋል። ብልቃጡ ተመልሶ ስለቀዘቀዘ ብቻ ወደ መደርደሪያው አይመለስም።

ባለ 150 ሚሊግራሙ ዱቄት በ7.2 ሚሊሊትር ንጹሕ የመርፌ ውሃ ሲሟሟ በሚሊሊትር 21 ሚሊግራም ይሆናል። ውሃው ዱቄቱ ላይ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ይደረጋል፣ ብልቃጡ በዝግታ ይዟዟራል እንጂ እንደ ቅል አይናጥም፤ አረፋ ከሠራ 5 ደቂቃ ያህል ይተዋል። አረፋ የሚያስጠላው ለመልኩ አይደለም፤ ፕሮቲኑ አየርና ውሃ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ስለሚዛባና መጠኑን በትክክል መቅዳት ስለሚያስቸግር ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን ታካሚ የመጀመሪያው መጠን በኪሎ 8 ሚሊግራም ሲሰላ 480 ሚሊግራም፣ ማለትም 22.9 ሚሊሊትር ነው፤ አራት ብልቃጥ ይከፈታል፣ 120 ሚሊግራም ይተርፋል።

ይህን ትርፍ የሚያስቀረው ባለ 440 ሚሊግራሙ ብልቃጥ ነው። አብሮት የሚመጣው 20 ሚሊሊትር ውሃ ጀርም እንዳይራባ የሚከላከል ቤንዚል አልኮል ስላለበት ከሟሟ በኋላ በፍሪጅ 28 ቀን ይቆያል። ለቤንዚል አልኮል አለርጂ ላላት ታካሚ በተራ የመርፌ ውሃ ከተሟሟ ግን የ28 ቀኑ ነገር ያበቃል፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፣ ቀሪው ይጣላል።

የተቀዳው መጠን በ250 ሚሊሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ከረጢት ይቀጥናል። ዴክስትሮስ፣ ማለትም የግሉኮስ ውሃ፣ ክልክል ነው፤ ፕሮቲኑን ያጓጉለዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ የተንጠለጠለው ሁሉ «ግሉኮስ» ይባላል፣ ስለዚህ «ግሉኮስ አምጪ» የሚለው የቃል ትእዛዝ እዚህ አደገኛ ነው፤ የከረጢቱ ስም ተነቦ ይረጋገጥ። ሪቱክሲማብ ሁለቱንም ይቀበላል፣ ቤቫሲዙማብ ግን እንደ ትራስቱዙማብ ሳላይን ብቻ ነው።

ኬሚካላዊ ቆይታና ከጀርም መጠበቅም ይለያያሉ። የአውሮፓው የኸርሴፕቲን መመሪያ ለቀጠነው ከረጢት በፍሪጅ እስከ 30 ቀን ኬሚካላዊ ብቃት ይሰጣል፤ ነገር ግን ዝግጅቱ በተረጋገጠ ንጹሕ ክፍል ካልሆነ ከ24 ሰዓት አይታለፍም።

መለያው ላይ «5/1» ብቻ ከተጻፈ አንዱ መስከረም 5፣ ሌላው ጃንዋሪ 5 ብሎ ያነበዋል፤ የአምራቹ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ መደባለቁ ቀላል ነው። «8 ሰዓት» የሚለውም እንዲሁ የስድስት ሰዓት ልዩነት ያመጣል። የወሩ ስም በፊደል፣ ሰዓቱም «ከቀኑ» ወይም «ከሌሊቱ» ተብሎ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ፤ ከአጠገቡም በምን ውሃ እንደተሟሟ።