የአቋም መግለጫ ምንድን ነው? የእምነት መግለጫ አይደለም!

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ስለ ደቡብ ባፕቲስቶች፣ ስለ ትልቁ የአሜሪካ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት፣ «የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶች በ1971 ውርጃን ፈቀዱ፤ በ1980 አስተምህሯቸውን ገለበጡ» ብሎ ጻፈ። ዓመቶቹ ልክ ናቸው (ሁሉንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያናደደችኝ «አስተምህሮ» የምትለዋ ቃል ናት።

ግማሹ ጥፋት የአማርኛችን ነው። መንግሥት የሚያወጣውም፣ ሲኖዶስ የሚያወጣውም፣ ስብሰባ ሲበተን የሚነበበው ባለ አሥር ነጥቡም «መግለጫ» ይባላል። ሲኖዶስ ከወሰነ ውሳኔው እስከ አጥቢያ ይወርዳል። ባፕቲስት ዘንድ ግን አጥቢያው ራሱን ችሎ የሚያድር ነው፤ ከላይ የሚያዘው የለም። በየዓመቱ ከየአጥቢያው ወደ ጉባኤው የሚመጡት መልእክተኞች የአቋም መግለጫ ሲያጸድቁ የዚያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሐሳብ ተመዘገበ ማለት ነው።

ዕድርን አስቡ። ዕድር መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ቃለ ጉባኤ የሚጻፍበት መዝገብም አለው። አንድ እሑድ የመጡት አባላት «የሠርግ ወጪ ቢቀነስ ጥሩ ነው» ብለው ተስማሙ እንበል፤ ጸሐፊው መዝግቦ አስፈረመ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሌሎች አባላት መጥተው «ዕድራችን ድግስ የሚወድ ነው፣ ድሮም እንዲሁ ነበር» አሉ። የድሮውን ገጽ የቀደደ የለም፤ ጸሐፊው አዲስ ገጽ ገለጠ። ደንቡም አልተነካም። (ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል፦ ዕድር የቀረን ይቀጣል፣ ባፕቲስቶች ግን በአቋም መግለጫ ማንንም አይቀጡም።)

አሁን ወደ ጽሑፎቹ። የ1971ዱ ሴንት ሉዊስ ላይ ወጣ። ሕጉ የፅንስን ሕይወት ጨምሮ የሰውን ሕይወት ክብር እንዲያጸና ይጠይቃል። ቀጥሎ ግን በመደፈር፣ በዘመድ ግንኙነት፣ ፅንሱ ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ የእናቲቱ አካላዊ፣ አእምሯዊና ስሜታዊ ጤና ሲያሰጋ ውርጃ የሚቻልበት ሕግ እንዲወጣ ምእመናን እንዲሠሩ ይጠራል። «ፈቀዱ» የሚለው ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ አላነበበም። በ1974 ይኸው ጸና።

በ1979 ከባፕቲስቶቹ መካከል ወግ አጥባቂው ወገን የኅብረቱን የፕሬዚዳንትነት ምርጫ አሸነፈ። የ1980ው ጉባኤ እዚያው ሴንት ሉዊስ ነበር፤ የእናቲቱን ሕይወት ለማዳን ካልሆነ ውርጃ በሕግ ይከልከል አለ። እኔ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስነብባቸው ግን ውሳኔውን ሳይሆን ከላይ ያለውን «… ስለሆነ» የሚለውን መንደርደሪያ ነው። ደቡብ ባፕቲስቶች የሕይወትን ቅድስና «በታሪካቸው» ሲያጸኑ እንደኖሩ ይናገራል። 1971ን አያነሣም። ለውጡ የገባው «ተለወጥን» ሳይባል፣ በዚያች «በታሪካቸው» በምትል ቃል ነው። በስም ጠቅሶ የድሮውን ያወገዘው የ2003ቱ ነው፤ በ1971ና በ1974 የወጡትን አንሥቶ ለውርጃ ድጋፍ በመሰጠቱ ማዘኑን ገለጸ።

የእምነት መግለጫቸው ሌላ ሰነድ ነው፦ በ1925 ወጣ፣ በ1963ና በ2000 ተሻሻለ። በ1971ም በ1980ም የሚሠራው የ1963ቱ ነበር፤ እሱ ስለ ውርጃ አንድ ቃል የለውም። ታዲያ የተገለበጠው አስተምህሮ የትኛው ነው? ልጅ ከተፀነሰ ጀምሮ በረከት ነው የሚለው የገባው በ1998 ስለ ቤተሰብ አንቀጽ ሲጨመር ነው። ይህ ሰነድ ደግሞ ጥርስ አለው፤ በ2023 ሳድልባክ የተባለው ግዙፍ የካሊፎርኒያ ቤተ ክርስቲያን ከኅብረቱ እንዲወጣ የተደረገው ሴት መጋቢ በማኖሩ፣ ይኸው ሰነድ ተጠቅሶበት ነው።

ያ «ገለበጡ» ብሎ የጻፈው ወንድሜ «በሙሉ ድምፅ» የምትልም ጨምሯል። መልእክተኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ካርድ ከፍ አድርገው ነው የሚወስኑት፣ ሰብሳቢው በዓይኑ አይቶ «አልፏል» ይላል፤ ቁጥር አይመዘገብም። ሙሉ ድምፁን ማን ቆጠረልህ?